ሊንከን ባሮችን ነፃ ካወጣቸው፣ የሕገ መንግሥቱ 13ኛው ማሻሻያ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄው የመጣው ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖርና ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ከምትዘጋጅ እናት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ማጥኛው ላይ የነፃነት አዋጁ ባሮችን ነፃ አወጣ ይላል። ልጄ ደግሞ ከትምህርት ቤት መጥታ ‹አይ እማዬ፣ ባርነትን ያስቀረው 13ኛው ማሻሻያ ነው› አለችኝ። ማናቸው ናቸው ልክ? አቦሊሽኒስት የሚባሉት ሰዎችስ ምን ሠሩ? 14ኛውና 15ኛው ማሻሻያ ለምን ተጨመሩ? እኛንስ ይመለከተናል?»

ልጅዎ ልክ ናት። ማጥኛውም አልዋሸም፤ አሳጠረው እንጂ። ፈተናው ላይ ማጥኛው ያለውን ይመልሱ፤ ከፈታኙ ጋር ክርክር አይግጠሙ። ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎና ለልጅዎ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከአዋጁ ልጀምር። ሰሜኑና ደቡቡ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳሉ ሊንከን ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የፈረመው የጦር ትእዛዝ ነበር። ፕሬዚዳንት ስለሆነ ብቻ በአንድ ግዛት ውስጥ ያለን ባርነት መሻር አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ ያንን ሥልጣን አልሰጠውም። የጦር ኃይሉ አዛዥ ሆኖ ግን የጠላትን ጉልበት ማዳከም ይችላል። የደቡቡ ጉልበት ደግሞ ባሪያው ነበር። ጥጡን የሚለቅመው እሱ፣ ምሽጉን የሚቆፍረው እሱ። ስለዚህ አዋጁ ነፃ ያወጣው ባመፁት ግዛቶች ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው። ከሰሜኑ ጋር የቀሩት ኬንታኪ፣ ሚዙሪ፣ ሜሪላንድና ዴላዌር ባሪያ ያሳድሩ ነበር፤ አዋጁ አልነካቸውም። ቴነሲም ተዘለለች። ከሉዊዚያናና ከቨርጂኒያም የሰሜኑ ጦር የያዛቸው አካባቢዎች ተዘለሉ።

አዋጁን ማናናቄ አይደለም። ጥቁሮች በጦሩ ውስጥ እንዲዋጉ በሩን የከፈተው እሱ ነው፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ 180,000 ያህል ጥቁር ወታደሮች ተሰልፈዋል። ችግሩ ሌላ ነው። የጦር ትእዛዝ ጦርነቱ ሲያበቃ ምን ይሆናል? የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ቶኒ ነበር። በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው ባሪያም ሆነ ነፃ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ የፈረደው እሱ ነው። እስከ ኦክቶበር 1864 ድረስ በሕይወት ነበር፤ ወንበሩም ላይ ነበር። አዋጁ እንዲህ ያለ ችሎት ፊት ቢቀርብ ምን እንደሚገጥመው ሊንከንም ያውቃል፣ ባርነት ይሻር ብለው የሚታገሉት አቦሊሽኒስቶቹም ያውቃሉ።

አሁን ጁን 19 ላይ የሚከበረውን ጁንቲንዝን ያስቡ። በ1865 በዚያች ቀን ቴክሳስ ውስጥ ጋልቭስተን ላይ የነፃነቱ ትእዛዝ ታወጀ። በዚያችው ቀን ኬንታኪ ውስጥ ሰው መግዛትና መሸጥ ሕጋዊ ነበር። እዚያና ዴላዌር ውስጥ ባርነት ያበቃው በዚያው ዓመት ዲሴምበር፣ 13ኛው ማሻሻያ ሲጸድቅ ነው። የልጅዎ መልስ ልክ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ አቦሊሽኒስቶቹ ልምጣ። በዘመኑ ባርነትን የሚጠላ ለዘብተኛ ሰው ሞልቶ ነበር። ቀስ በቀስ ይቅር፣ ለጌቶቹ ካሳ ይከፈል፣ ነፃ የወጡትም ወደ አፍሪካ ይላኩ ይላል። አቦሊሽኒስቶቹ ሦስቱንም አንቀበልም አሉ። ዛሬውኑ ይቅር፤ ካሳ የለም፤ አገራቸው ይኸው ነው፣ የትም አይሄዱም። ይህ አቋም ሰሜን ውስጥም ያስደበድብ ነበር። ያስገድልም ነበር። ጋዜጠኛው ኢላይጃ ላቭጆይ በ1837 ኦልተን ከተማ ማተሚያ መሣሪያውን ሲከላከል በጥይት ተገደለ። ኦልተን ያለችው ባርነትን በከለከለችው ኢሊኖይ ውስጥ ነው።

ከመካከላቸው ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ነው። በ1831 ቦስተን ላይ «ሊበሬተር» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጋዜጣውን ያቆዩት ነፃ ጥቁሮች ናቸው። አብዛኞቹ ደንበኞች እነሱ ነበሩ፤ የመርከብ ሸራ እየሠራ የከበረው የፊላደልፊያው ጥቁር ነጋዴ ጄምስ ፎርተንም ገንዘብ አውጥቶ ደግፎታል። ይህን የምጠቅሰው ታሪኩ ብዙ ጊዜ «ደግ ነጮች ለጥቁሮች ያደረጉት» ተደርጎ ስለሚወራ ነው። እንደዚያ አይደለም።

ጋሪሰን ሕገ መንግሥቱን ከልቡ ይጠላው ነበር። ጁላይ 4 ቀን 1854፣ በአገሪቱ የነፃነት በዓል፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም ላይ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት መድረክ ላይ ወጣ። መጀመሪያ የሸሹ ባሮች ተይዘው ይመለሱ የሚለውን ሕግ ቅጂ አቃጠለ። ቀጥሎ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት አንስቶ እሳት ለኮሰበት። «ከሞት ጋር የተገባ ቃል ኪዳን፣ ከሲኦል ጋር የተደረገ ስምምነት» አለው። ከዚያ «ሕዝቡ ሁሉ አሜን ይበል» አለ። አብዛኛው አሜን አለ፤ አንዳንዱ በፉጨት ተቃወመ።

ሰውየው አብዶ አልነበረም። የ1787ቱ ሕገ መንግሥት ባርነትን በስሙ አይጠራውም እንጂ ሦስት ቦታ ላይ ይንከባከበዋል። አንደኛው፣ ከባሪያ ግዛት የሸሸ ሰው ይመለስ ይላል። ሁለተኛው፣ ኮንግረስ የባሪያ ንግድን እስከ 1808 እንዳይከለክል ያግደዋል። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ የምክር ቤት ወንበር ሲከፋፈል አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ይቆጠር ይላል። ባሪያው አይመርጥም። በእሱ ስም የተገኘው ወንበር ግን የጌታው ነው። ደቡቡ ለሰባ ዓመት ከሕዝቡ ቁጥር በላይ ዋሽንግተን ላይ የፈነጨው በዚህ ስሌት ነው። ይህን የሦስት አምስተኛ ነገር ይያዙልኝ፤ 14ኛው ማሻሻያ ላይ መልሶ ይመጣል።

ፍሬደሪክ ዳግላስ የጋሪሰን ተማሪ ነበር። በ1838 ከሜሪላንድ ከባርነት አምልጦ ሰሜን ገባ፤ የእንቅስቃሴው ትልቁ ተናጋሪም ሆነ። እስከ 1851 ድረስ ስለ ሕገ መንግሥቱ ጋሪሰን የሚለውን ይል ነበር። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ተጣሉ፤ ጸባቸውም ክፉ ጸብ ነበር። የዳግላስ ክርክር ይሄ ነው፦ ሰነዱ ውስጥ «ባሪያ» የሚል ቃል የለም፤ ማንም ሰው ያለ ሕግ ሂደት ነፃነቱን አያጣም የሚል ግን አለ። ስለዚህ ለነፃነት አንብበን እንጠቀምበት። በ1852 ሮቼስተር ላይ ባደረገው ዝነኛ ንግግር የጁላይ 4 በዓል ለባሪያው ምኑ ነው እያለ አገሩን ሲገርፍ ውሎ፣ መጨረሻ ላይ ሕገ መንግሥቱን የነፃነት ሰነድ ብሎ አሞገሰው። ብዙ ሰው የንግግሩን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው የሚጠቅሰው።

ማን ልክ ነበር? በታሪክ ንባብ ጋሪሰን ያሸንፋል ባይ ነኝ። ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ከባሪያ ጌቶች ጋር እየተደራደሩ እንደነበር አያጠያይቅም። ትግሉን ለማሸነፍ ግን የዳግላስ መንገድ ይሻላል። ጋሪሰን ተከታዮቹን ከምርጫ ሳጥን አራቀ፤ እንዲህ ባለ መንግሥት ውስጥ ድምፅ መስጠት ኃጢአት ነው ይል ነበር። እነ ዳግላስ ግን ፓርቲ ደገፉ፣ ድምፅ ቆጠሩ፣ ሕግ አርቃቂ ሆነው ኮንግረስ የገቡ ሰዎችን አስተማሩ። ማሻሻያዎቹ የተጻፉት በእነዚያ ሰዎች እጅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ጉድ አለ። መጀመሪያ በኮንግረስ ያለፈው «13ኛ ማሻሻያ» ባርነትን የሚሽር አልነበረም፤ ለዘላለም የሚጠብቅ ነበር። በፌብሩዋሪና በማርች 1861 ደቡቡ እየተገነጠለ ሳለ ኮንግረስ ለማባበል ሲል አንድ ማሻሻያ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ አሳለፈ። የፌደራሉ መንግሥት በግዛቶች ውስጥ ባለ ባርነት ላይ መቼም ጣልቃ እንዳይገባ ይላል። ሊንከን ራሱ ሥልጣን በተረከበበት ንግግር እንደማይቃወመው ተናገረ። ጥቂት ግዛቶች አጸደቁት። ጦርነቱ ባይጀመር ኖሮ 13ኛ የሚለውን ቁጥር የሚይዘው እሱ ሊሆን ይችል ነበር። ከዚያ ተነስቶ አራት ዓመት ሳይሞላ ተቃራኒውን ያሳለፈው ያው ኮንግረስ ነው።

ምን ለወጠው? በዋናነት ጦርነቱ፣ እየሸሹ ወደ ሰሜኑ ጦር የጎረፉት ባሮች፣ ከዚያም ጥቁር ወታደሮቹ። ግን ግፊቱ ከውጭም መጣ። ኤልሳቤጥ ኬዲ ስታንተንና ሱዛን አንተኒ በሜይ 1863 ኒው ዮርክ ላይ የሴቶች ማኅበር አቋቁመው ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ኮንግረስ ባርነትን ከነሥሩ ይንቀል። ሴቶች አይመርጡም፤ ለኮንግረስ አቤት ማለት ግን ይችላሉ። ይህም መብት ቢሆን በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። ከ1836 እስከ 1844 የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ባርነት የሚመጣን አቤቱታ ሳያነብ የሚያስቀምጥ ደንብ ነበረው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኲንሲ አዳምስ ነው በሽምግልናው ተወካይ ሆኖ ዓመት ከዓመት ሲሟገተው ኖሮ ያስነሳው።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1864 ሁለት ቁመታቸው የረዘመ ጥቁር ሰዎች የአቤቱታ ጥቅሎች ተሸክመው ሴኔቱ አዳራሽ ገቡ። ወረቀቱ ጫፍ ለጫፍ ተለጥፎ፣ በየግዛቱ ተለይቶ ተጠቅልሏል። ተሸካሚዎቹ ጥቅሉን የማሳቹሴትሱ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። አንድ መቶ ሺህ ፊርማ። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሴቶች ነው። ሰምነር ተነስቶ ይህ ገና የፊት ዘቡ ነው፣ ዋናው ጦር ከኋላ እየመጣ ነው አለ። እውነትም ፊርማው በኋላ 400,000 ገደማ ደረሰ። ኤፕሪል 8 ሴኔቱ ማሻሻያውን 38 ለ6 አሳለፈው።

ተወካዮች ምክር ቤት ግን አስቸገረ። በጁን 93 ለ65 ሆነ፤ ሁለት ሦስተኛ አልሞላም፤ ወደቀ። ሊንከን ጉዳዩን የፓርቲው፣ የሪፐብሊካኖቹ፣ የምርጫ ፕሮግራም ውስጥ አስገባው፤ በኖቬምበር አሸነፈ። አዲሱን ምክር ቤት መጠበቅ ይችል ነበር፤ አልጠበቀም። ተሸንፈው ቤታቸው ሊሄዱ ሳምንታት የቀሯቸውን ዲሞክራቶች ማግባባት ያዘ። አንዳንዱ ሹመት ተስፋ ተሰጠው ይባላል።

የድምፁ ቀን ጃንዋሪ 31 ቀን 1865 ነበር። በሰዓቱ የደቡቡ የሰላም ልዑካን ወደ ዋሽንግተን እየመጡ ነው የሚል ወሬ አዳራሹን አመሰው። ሰላም ከመጣ ማሻሻያው ምን ይሠራል የሚል ሊበዛ ነው። የማሻሻያው አስተባባሪ ጄምስ አሽሊ ከሊንከን ማረጋገጫ ጠየቀ። ሊንከን ቁራጭ ወረቀት ላይ እስከማውቀው ድረስ በከተማው ውስጥ የሰላም ልዑክ የለም፣ ይመጣል ተብሎም አይጠበቅም ብሎ ላከ። ቃል በቃል እውነት ነው። ልዑካኑ እየመጡ ነበር፤ መድረሻቸው ግን ዋሽንግተን ሳትሆን ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ምሽግ ነው። ጠበቃ ነበር እኮ ሰውየው።

ውጤቱ 119 ለ56። ሦስት ሰዎች ድምፃቸውን ወደ ተቃውሞ ቢያዞሩ ኖሮ አያልፍም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ጩኸት፣ እንባ፣ መተቃቀፍ ሆነ። ውጭ መድፍ ተተኮሰ። ወታደር የነበረው የዳግላስ ልጅ ቻርልስ ለአባቱ ሲጽፍ እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም፣ ሰዎች ይተቃቀፋሉ፣ እጅ ይጨባበጣሉ አለና «ነጮቹን ማለቴ ነው» ብሎ ጨመረበት። ጆርጂያ ዲሴምበር 6 ስታጸድቅ ከ36ቱ ግዛቶች የሚያስፈልጉት 27 ሞሉ። ሚሲሲፒ ያጸደቀችው በ1995 ነው፤ ወረቀቱ በደንቡ ዋሽንግተን ገብቶ የተመዘገበው ደግሞ በ2013።

በዚያው ዓመት አቦሊሽኒስቶቹ ተሰነጠቁ። በሜይ 1865 ጋሪሰን ሥራችን አልቋል፣ የፀረ ባርነት ማኅበራችንን እንዝጋ አለ። ዳግላስ ተነሳና ጥቁሩ የምርጫ ወረቀት እስኪይዝ ድረስ ባርነት አልተሻረም አለ። ጋሪሰን ተሸንፎ ወጣ፤ ጋዜጣውንም በዲሴምበር መጨረሻ ዘጋ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት ሳያጎድል ማሳተሙ ራሱ ተአምር ነው፤ ደክሞትም ነበር። ግን ዳግላስ ነበር ልክ። ያንን ለማረጋገጥ ሰባት ወር እንኳ አልፈጀም።

ሚሲሲፒ በኖቬምበር 1865 ያወጣቻቸውን ሕጎች ይመልከቱ። ጥቁር ሰው በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ሥራ እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት መያዝ አለበት። ካልያዘ ቦዘኔ ተብሎ ይቀጣል። ቅጣቱን በአምስት ቀን ውስጥ ካልከፈለ ሸሪፉ በአደባባይ ጨረታ ያወጣውና ቅጣቱን ለከፈለለት ነጭ በጉልበት ያስረክበዋል። ጨረታ! ከአንድ ዓመት በፊት የነበረው ጨረታ ስሙ ተቀይሮ ተመለሰ። ይህን ለማድረግ ደግሞ ከራሱ ከ13ኛው ማሻሻያ ሽፋን አላጡም። ጽሑፉ ባርነትንና የግዳጅ ሥራን ሲከለክል «በሕግ ለተፈረደበት ወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር» የሚል ሐረግ አለበት። ሐረጉ የተወሰደው ከ1787 የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ደንብ ነው። ሰምነር የተሻለ አማራጭ አቅርቦ ነበር፤ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው የሚል። የፈረንሳዮች ቋንቋ ነው ተብሎ ተጣለ። እስረኛን ለእርሻና ለማዕድን ማውጫ ማከራየት በአላባማ እስከ 1928 ድረስ ቀጠለ።

ሁለተኛው ችግር የስሌት ነው። ሦስት አምስተኛውን አስቀምጠን ነበር። ባርነት ሲቀር ነፃ የወጡት አራት ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠራሉ። ጥሩ። ግን ደቡቡ እንዲመርጡ አይፈቅድም። ስለዚህ ያመፁት ግዛቶች ጦርነቱን ተሸንፈው ሲመለሱ፣ በምክር ቤት አሥራ ሁለት ያህል ተጨማሪ ወንበር ይዘው ነው የሚገቡት! ተሸናፊ ጠግቦ የሚመለስበት ጦርነት። ጥቁሩ ምንም የማይመስላቸው ሪፐብሊካኖች እንኳ በዚህ ባነኑ። 14ኛው ማሻሻያ በመርህ ብቻ አልተወለደም፤ የወንበር ቆጠራም አዋልዶታል።

የኦሃዮው ጆን ቢንግሃም የመጀመሪያውን አንቀጽ ዋና ቃል ጻፈ፦ የሕግ እኩል ጥበቃ፣ ተገቢ የሕግ ሂደት። በአሜሪካ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው የሚለው ዓረፍተ ነገር በሴኔት ተጨመረ፤ የቶኒን ፍርድ በአንድ መስመር ገደለው። ሁለተኛው አንቀጽ ወንዶችን ከምርጫ የከለከለ ግዛት ወንበር ይቀነስበታል ይላል። ይቀነስበታል ነው የሚለው፤ መከልከሉን አይከለክልም። አንድም ቀን ሥራ ላይ አልዋለም። አራተኛው አንቀጽ ስለ ባሪያ መጥፋት ለማንም ካሳ እንዳይከፈል አገደ። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልዎ። በ1862 በዋሽንግተን ከተማ ባርነት ሲሻር መንግሥት ለጌቶቹ በነፍስ ወከፍ እስከ 300 ዶላር ከፍሎ ነበር። ለባሮቹ ለራሳቸው? ከአገር ለመውጣት ከተስማሙ ብቻ እስከ 100 ዶላር። ካሳ የለም የሚለው የአቦሊሽኒስቶች የድሮ አቋም ሕገ መንግሥት የሆነው በአራተኛው አንቀጽ ነው።

ጠንካራው የፔንሲልቫኒያ ተወካይ ታዴዎስ ስቲቨንስ ሰነዱን ሲያየው ከፋው። የጠበቀው የመምረጥ መብትን በግልጽ ነበር። ጁን 13 ቀን 1866 ተነስቶ ይህን ጎደሎ ነገር ለምን እቀበላለሁ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የምኖረው ከሰዎች ጋር እንጂ ከመላእክት ጋር ስላልሆነ ነው አለ። በኮንግረስ ታሪክ ከተነገሩት ሁሉ ይሄን እወደዋለሁ። ከቴነሲ በቀር የደቡብ ግዛቶች ማሻሻያውን አንቀበልም አሉ። ኮንግረስም በ1867 ጦር ሰደደባቸው፣ ጥቁሮችን መራጭ አድርጎ መዘገበና ወደ ምክር ቤት መመለስ የምትፈልጉ አጽድቁ አለ። በጁላይ 1868 ጸደቀ።

የዜግነቱ አንቀጽ ምን ያህል እንደሠራ በአንድ ቀን ላሳይዎ። በፌብሩዋሪ 1870 ሚሲሲፒ ሃይረም ሬቭልስ የተባለ ጥቁር ቄስ ሴናተር አድርጋ ላከች። የኬንታኪና የዴላዌር ሴናተሮች ተቃወሙ። ክርክራቸው፦ ሴናተር ለመሆን ዘጠኝ ዓመት ዜጋ መሆን ያስፈልጋል፤ በቶኒ ፍርድ መሠረት ግን ጥቁር ዜጋ የሆነው በ1868 ነው፤ ስለዚህ ሰውየው የሁለት ዓመት ዜጋ ነው። ሬቭልስ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከነፃ ወላጆች የተወለደ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነበር። ሴኔቱ 48 ለ8 አስገባው።

15ኛው ማሻሻያ በዚያው ወር ጸደቀ። መምረጥ በዘር፣ በቀለም ወይም ቀድሞ ባሪያ በመሆን አይከለከል ይላል። ከሦስቱ ደካማው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ሴኔት ውስጥ በሀብትም፣ በትምህርትም፣ በትውልድ አገርም አይከለከል የሚል ሰፊ ረቂቅ ነበር። የጣሉት ደቡቦች ብቻ አይደሉም። ማሳቹሴትስ የማንበብ ፈተናዋን ትፈልጋለች፣ ሮድ አይላንድ የውጭ ተወላጆችን መከልከል ትፈልጋለች፣ ካሊፎርኒያ ቻይናዎችን ትፈራለች። ሰምነር ረቂቁ አነሰብኝ ብሎ በመጨረሻው ድምፅ አልተሳተፈም።

ሴቶቹ ደግሞ ተከዱ። ያንን ሁሉ ፊርማ የሰበሰቡት ስታንተንና አንተኒ፣ 14ኛው ማሻሻያ «ወንድ» የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ሲያስገባ፣ 15ኛውም ፆታን ሲዘል ተቆጡ። ቁጣቸው ተገቢ ነበር። ስታንተን ግን ያልተማሩ ጥቁሮችንና ስደተኞችን የሚያንቋሽሽ ንግግር ውስጥ ገባች፤ ያንን ማሳመር አይቻልም። በሜይ 1869 ኒው ዮርክ ስብሰባ ላይ ዳግላስ ሴቶች ሴት በመሆናቸው ከቤታቸው እየተጎተቱ መብራት እንጨት ላይ ሲሰቀሉ ያኔ አጣዳፊነቱ ከእኛ እኩል ይሆናል አለ። ከአዳራሹ አንድ ሰው ይሄ ለጥቁር ሴቶችስ እውነት አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎ፣ አዎ፣ አዎ አለ፤ ግን ሴት ስለሆነች ሳይሆን ጥቁር ስለሆነች ነው። ጥቁሯ ገጣሚና አቦሊሽኒስት ፍራንሲስ ሃርፐር ከዳግላስ ጎን ቆመች። የሴቶች የመምረጥ መብት እንቅስቃሴው ሁለት ቦታ ተከፈለ።

የቀረውን በፍጥነት ልለፈው። 15ኛው ማሻሻያ የተዋቸው ቀዳዳዎች በሙሉ ሥራ ላይ ዋሉ፤ የማንበብ ፈተና፣ የምርጫ ግብር፣ ማስፈራሪያ። ሉዊዚያና ውስጥ በ1896 የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች ከ130,000 በላይ ነበሩ። በ1904 የቀሩት 1,342 ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1873፣ በ1876፣ በ1883 እና በ1896 በሰጣቸው ፍርዶች 14ኛውን ማሻሻያ ባዶ አስቀረው። ጽሑፉ ግን አልተሰረዘም። በ1954 የትምህርት ቤት የዘር መለያየት የወደቀው፣ የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግም የወጣው በእነዚያው ሁለት ማሻሻያዎች ላይ ቆሞ ነው።

እኛን ይመለከተናል ወይ ላሉት፣ በሁለት በኩል። አንደኛው ልጅዎ ናት። እዚህ ከተወለደች ዜጋ ያደረጋት የ14ኛው ማሻሻያ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። ለስደተኛ ልጅም ይሠራል የተባለው በ1898 ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደው የቻይናዎች ልጅ ዎንግ ኪም አርክ ተከራክሮ አሸነፈ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ይህን የሚያጠብ ትእዛዝ ሲፈርሙ ፍርድ ቤት የተወሰዱት በዚሁ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሁለተኛው እርስዎ ራስዎ ነዎት፣ የሚወስዱት ዜግነት። ከ1790 ጀምሮ የውጭ ሰው ዜጋ የሚሆነው «ነፃ ነጭ» ከሆነ ብቻ ነበር። በጁላይ 1870 ሰምነር «ነጭ» የሚለው ቃል ከዜግነት ሕጉ ይውጣ አለ። ሴኔቱ አንዴ ተቀብሎት መልሶ ጣለው፤ የምዕራብ ሴናተሮች ቻይናዎች ዜጋ ይሆናሉ ብለው ፈሩ። ከተቃዋሚዎቹ ፊት የቆመው የኔቫዳው ዊልያም ስቱዋርት ነው። 15ኛውን ማሻሻያ ከአንድ ዓመት በፊት በሴኔት መርቶ ያሳለፈው ያው ሰው! በመጨረሻ የተስማሙት በግማሹ ነው፤ አፍሪካ የተወለደም ሆነ የአፍሪካ ዘር ያለው ዜጋ መሆን ይችላል ተባለ። ቻይናዎች እስከ 1943 ጠበቁ፤ የዘር ገደቡ ጨርሶ የተነሳው በ1952 ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ የዜግነቱ በር በሕግ ክፍት የሆነው ከ1870 ጀምሮ ነው። የመግቢያው በር ግን ሌላ ነው። በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ አሠራር እንዲቀር የሚያዘው ሕግ የወጣው በ1965 ነው።